ቄስ ሃርግሮቭ የሬሳ መኪናው ላይ የወጣበት ምክንያት

ቨርዴል ሃርግሮቭ ሟች ባሏን ሆኖ ሊጫወት ከሎንዶን የመጣውን ተዋናይ መጀመሪያ ያየችው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ ነበር። ለአክብሮት ያጎነበሰ መስሏት ደስ ሊላት ሲል፣ ግንባሩ ከመቃኑ እንዳይላተም ብሎ መሆኑ ገባት። ሰውየው ቀና ሲል ቁመቱ አላልቅ አለ። ትከሻው በር ያህላል፣ ጥርሱ ያበራል፣ ጆሮው ከራሱ ጋር በሙጫ የተለጠፈ ይመስላል። ቨርዴል አጠገቧ ወደተቀመጠችው የዱሮ ጓደኛዋ ወደ ሞዜል ቴተም ዘንበል አለችና፣

«ሉሺየስን እኮ እዚህ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ከትተሽ ገበያ ልትወጪ ትችያለሽ» አለቻት።

በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷት ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ሹክ ያለችው ሁሉ ስብከት ይሆናል። አዳራሹን የሞላው የሃርሞን ከተማ ሕዝብ ሰማት፣ ከሎስ አንጀለስ የመጡት የፊልም ሰዎች ሰሟት፣ ተዋናዩም ሰማና ሳቀ። ያልሳቀው መድረኩ ላይ ማይክሮፎን ጨብጦ የቆመው ልጇ ኤቨረት ብቻ ነበር። ኤቨረት ጉሮሮውን ጠረገና ቄስ ሃርግሮቭ ታላቅ የነበሩት በቁመታቸው ሳይሆን በመንፈሳቸው መሆኑን ለሕዝቡ አስረዳ።

ኤቨረት የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። አባቱን «አባቴ» ብሎ ሲጠራ የሰማው የለም፤ «ቄስ ሃርግሮቭ» ነው የሚለው፣ ለዚያውም በአንቱታ፣ ለዚያውም እራት ላይ። በአባቱ ስም የተቋቋመው የመታሰቢያ ድርጅት ሊቀመንበር እሱ ነው። በፍርድ ቤቱ አደባባይ የነሐስ ሐውልት ያስቆመውም እሱ ነው። ሐውልቱ ከሟቹ በአንድ ክንድ ይረዝማል። ኤቨረት ራሱ በዚያ አደባባይ ሲያልፍ አረማመዱ ቀስ ይላል፣ አገጩ ከፍ ይላል፤ ሁለተኛ ነሐስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

እውነተኛው ሉሺየስ ሃርግሮቭ ከሚስቱ በሁለት ጣት ያጥር ነበር። ጆሮዎቹ እንደ ተከፈተ የመኪና በር ወደ ውጭ የተዘረጉ ስለነበሩ፣ ሞዜል በወጣትነታቸው ነፋስ በተነሳ ቁጥር «ሰውዬሽን ያዢው፣ መብረሩ ነው» እያለች ታሾፍባት ነበር። ዜማም አይሆንለትም። መዝሙር ልምራ ሲል ምዕመኑ እሱን ለመሸፈን ሲል ብቻ ድምፁን ከፍ ያደርግ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በዝማሬው ብርታት እስከ ጎረቤት ከተማ ድረስ ስም አወጣ።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ በጆርጂያ ጥቁር ሰው ድምፅ ለመስጠት ልመዝገብ ሲል ከሥራ በሚባረርበት፣ ሲብስም በሚደበደብበት ዘመን፣ የሃርሞንን ጥቁሮች አሰልፎ ወደ ፍርድ ቤቱ ወሰዳቸው። ሸሪፉ፣ የአውራጃው የፖሊስ አለቃ፣ ውሾች ለቀቀባቸው። ቄሱ ግን፣ ታሪኩ እንደሚለው፣ ውሾቹን ከቁም ነገር ሳይቆጥር የቀብር አስፈጻሚው የክሊዮፈስ ሜብሪ የሬሳ መኪና ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ ሰልፈኞቹንም አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። የተጠራው ሁሉ «አለሁ» እያለ በውሾቹ መሀል አልፎ ወደ ምዝገባው በር ሄደ። አንድ ጋዜጠኛ ፎቶ አነሳ። ፎቶው እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ በሻይ ኩባያ፣ በካናቴራ ላይ አለ፤ የቀብር ቤቱ በየእሁዱ በሚያድለው የካርቶን ማራገቢያ ላይ ሳይቀር ታትሟል። ቨርዴል ሙቀቱ ሲበረታባት ፊቷን የምታራግበው በባሏ ነው።

ያ እጅ ለምን እንደተዘረጋ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች። እሷ እንደዚያ ነበር የሚመስላት። ሉሺየስ በዚያው ሳምንት ከእስር ሲፈታ ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። እሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም መሐላው አልሞተም፤ እሷም ምላሷን ነክሳ ኖረች።

የፊልሙ ዳይሬክተር ኮሪን ራትሊፍ የምትባል፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀኑን ሙሉ በስኒከር የምትሮጥ ሴት ናት። ለባለታሪኩ ሚስት ክብር ሲባል ቨርዴልን አማካሪ ብላ ሰየመቻት፤ ወንበር ሰጠቻት፤ ጆሮዋ ደካማ መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ተዋንያኑ የሚናገሩትን የምትሰማበት የጆሮ ማዳመጫ አደረገችላት። ይህን ማድረጓ ትልቅ ስሕተት ነበር። ቨርዴል ለዓመታት ያልሰማችውን ያህል መስማት ጀመረች፤ የሰማችውን ሁሉም ማረም ጀመረች። ሉሺየስ እንዲህ ያለ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም አለች። ይህን ንግግር አልተናገረም፣ ቢናገረውም ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር አለች። የገዛ ራሷን ነገርማ ተዉት። እሷን ሆና የምትጫወተው ቴሪን የምትባል ልጅ ቆንጆ ናት፣ እሱ ላይ ቅሬታ የላትም። ነገር ግን ልጅቷ በሙሉ ፊልሙ ውስጥ የምትናገረው አሥራ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስድስቱ «ሉሺየስ፣ ትንሽ ቅመስ» እና «ሉሺየስ፣ ራስህን ጠብቅ» ነበሩ። ቨርዴል ኮሪንን አስጠርታ፣ ያን ሰሞን የሰልፈኞቹን ስም ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስብሰባ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ቅመስ ለማለት ጊዜም አልነበረኝም አለቻት። ኮሪን በትህትና ማስታወሻ ያዘች። ማስታወሻው የት እንደገባ አይታወቅም።

የመኪናው ትዕይንት የተቀረጸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። በእውነተኛው አደባባይ፣ በእውነተኛው ፍርድ ቤት ፊት፣ ሐውልቱ በትልቅ ሸራ ተሸፍኖ። ሰልፈኞቹን የሆኑት የከተማው ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በዚያን ቀን የተሰለፉት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ውሾቹ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ለፊልም የሠለጠኑ ስድስት ነበሩ። ትልቋ ፒችስ ትባላለች። አሠልጣኙ ጩኺ ሲላት ትጮኻለች፣ ጥርስሽን አሳዪ ሲላት ታሳያለች፣ ሥራዋን ስትጨርስ ግን ሄዳ የተዋናዩን እጅ ትልሳለች።

ተዋናዩ፣ ኦሊቨር ባንኮሌ ነው ስሙ፣ ስክሪፕቱ እንዳዘዘው ውሾቹን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ በዝግታ፣ ዙፋን ላይ እንደሚወጣ ንጉሥ፣ የሬሳ መኪናው ላይ ወጣ። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሁሉም ነገር ያምራል። ኮሪን ግን «እንደገና» አለች። እንደገና ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ወጣና ወረደ። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጸ፤ ኮሪን ፊቷ አልፈታ አለ፣ ምን እንደጎደለ ግን መናገር አልቻለችም። በአሥራ አንደኛው ላይ ቨርዴል በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ተዋናዩ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማችው፦ ሐውልቱን ከሸራው ቢያወጡትና መኪናው ላይ ቢያስቀምጡት ከእኔ የተሻለ ይሠራል ይል ነበር።

ያን ጊዜ ነው ልጁን የወደደችው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቤቷ መጥቶ እንዲበላ ላከችበት።

ኦሊቨር እንደ ጥሩ ልጅ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ አቀረበችለት፤ ሦስት ጊዜ ጨመረችለት፤ አላሳፈራትም። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርጎ የልቡን ነገራት። ስለ ቄሱ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፣ የተቀዳ ድምፃቸውን እየሰማ ነው የሚተኛው፣ ግን ሰውየውን ሊያገኘው አልቻለም። ሁሉም ስለ ጀግንነቱ ይነግረዋል። ጀግንነት ብቻ ሲሆን ደግሞ የሚይዝበት እጀታ የለውም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለ። «ምን ያስፈራቸው ነበር?»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። ስለ ሕልሙ ጠይቀዋታል፣ ስለ ጸሎቱ ጠይቀዋታል፣ አንዱማ የሚወደውን የሸሚዝ ቀለም ጠይቋታል። ቨርዴል ተነስታ የበረዶ ሻይ ቀዳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሻይዋን እስከ ግማሽ ጠጣች። ሉሺየስ ቢሰማኝ ምን ይለኛል ብላ አሰበች። ከዚያ ደግሞ፣ ይህ ቀውላላ አሥራ አንድ ጊዜ እንደ ንጉሥ ሲወጣ ቢያይስ ምን ይል ነበር ብላ አሰበች።

«ውሻ» አለችው።

ኦሊቨር ውሻ የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞረ።

«ውሻ ነው የምልህ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ የታሰረ፣ የሞተ፣ አይመርጥም። የሞዜል አሮጊት ቡችላ ከነበረችበት መንገድ ለመሸሽ ሦስት መንደር ዞሮ ነበር ቤቱ የሚገባው። ያቺ ቡችላ እኮ ጥርስ አልነበራትም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሉሺየስ በስድስት ዓመቱ የባለ እርሻው ውሻ እግሩን ይዞ ጎትቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲያይ መሸሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሰልፉ ቀን እሱ ከፊት የቀደመው፣ ሸሪፉ ዱላ ብቻ ይዞ የሚመጣ መስሎት ነው፤ ዱላውን ሊችለው ወስኗል። ውሾቹ ከፍርድ ቤቱ ጥግ ብቅ ሲሉ ግን ዞረና እግሬ አውጪኝ አለ። ከሰልፉ ኋላ የሜብሪ የሬሳ መኪና ቆማለች፤ የነጮቹ አምቡላንስ ጥቁር ቁስለኛ ስለማይጭን፣ ሰው ቢጎዳ እንድታደርስ ነበር የመጣችው። ሕይወቱን ሙሉ ከድንጋይ ላይ ሲዘል ያላየችው ሉሺየስ በአንድ ዝላይ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ በሁለተኛው ጣሪያው ላይ ወጣ። ሱሪው ከኋላው ተተርትሯል። ጋዜጠኛው ፎቶውን ከፊት ማንሳቱ የእግዜር ሥራ ነው።

«እጁን የዘረጋው ወደ ሰማይ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው» አለች። «'ቨርዴል፣ እጄን ያዢኝ' እያለኝ ነው። ምን እንዳደርግለት እንደፈለገ አልገባኝም፤ እሱም የገባው አይመስለኝም። እኔ ኤቨረትን የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። ዞር ስል ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል፣ ቀና ብሎ እሱን ያያል። ለመናገር የወጣ መስሏቸዋል። አሁን ቢወርድ ሁሉም ይበተናል። ስለዚህ 'እንዳትወርድ፣ ተናገር' አልኩት። 'ምን ልበል?' አለኝ። 'የመጣልህን' አልኩት።»

የመጣለት ስም ነበር። ያን ያህል ስብከት የሚያውቅ ሰው አንድ ጥቅስ እንኳ አልመጣለትም። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ከፊቱ ያየውን ሁሉ በስሙ ተጣራ፤ ሞዜል አለ፣ ክሊዮፈስ አለ፣ ወንድም ሃስኬል አለ። ድረሱልኝ ማለቱ ነበር። እነሱ ግን ለምዝገባ የተጠሩ መሰላቸውና አንድ በአንድ «አለሁ» እያሉ፣ በውሾቹ መሀል፣ ወደ በሩ ሄዱ። ሞዜል ቀሚሷ ተቀደደ፣ ሃስኬል ክንዱን ተነከሰ፣ ግን ሄዱ። እንደዚያ ሲያይ ሉሺየስ ድምፁ እየጠራ መጣ። አርባ አንድ ሰው ጠራ። በመጨረሻ ፖሊሶቹ ሊያወርዱት ሲወጡ ውሾቹ ከታች ስለነበሩ አንዱን ፖሊስ አንገቱን አቅፎ አልለቅም አለ፤ እስከ እስር ቤቱ ድረስ እንደ ሙሽራ ተሸክመውት ሄዱ።

ኦሊቨር ሲስቅ ቆየ። ዓይኑን ጠረገ። ስለ ምሳው አመስግኗት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሊቀረጽ ሁሉም ቦታውን ያዘ። ኦሊቨር ሊያደርግ ያሰበውን ለኮሪንም፣ ለቴሪንም፣ ከሁሉም በላይ ለውሾቹ አሠልጣኝ አልነገረም። ቀረጻው ተጀመረ፤ ውሾቹ ከጥጉ ብቅ አሉ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ንጉሥ የነበረው ሰው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዞረና ሮጠ። የሚሮጥ ሰው ያዩት ውሾች ሥልጠናቸውን ሁሉ ረሱ። ፒችስ ጨዋታ የተጀመረ መስሏት ገመዷን ከአሠልጣኙ እጅ ነጥቃ ተከተለችው፤ አምስቱም ተከተሏት። አሁን ኦሊቨር በእርግጥም ፈራ። አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ። መኪናው ላይ እንዴት እንደወጣ ራሱም አያውቅም፤ ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ጣሪያው ላይ ተንበረከከ። እጁን ወደ ቴሪን ዘረጋ።

ቴሪን በስክሪፕቱ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ቃል የላትም። አፏን ከፍታ ቀረች።

ኮሪን አላቆመችም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቨርዴል ከወንበሯ መቼ እንደተነሳች አታውቅም፤ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ፣ በዚያ ስብከት በሆነ ሹክሹክታዋ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንዳይወርድ ንገሪው እንጂ» አለች።

ቴሪን ቀና አለች። «እንዳትወርድ» አለችው። «ተናገር።»

ኦሊቨር ከተንበረከከበት ሆኖ ስሞቹን መጥራት ጀመረ። ድምፁ የሚያምር አልነበረም። የሰልፈኞቹ የልጅ ልጆች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዲት ወጣት የአያቷን ስም ሰማችና፣ ማንም ሳያዛት፣ «አለሁ» ብላ ወደ በሩ ሄደች። ሌላው ተከተለ። ፒችስ ጎማውን እያሸተተች ጅራቷን ትቆላለች፤ በኋላ ጅራቷን በኮምፒዩተር አጠፉት አሉ።

ኤቨረት ይህን ሁሉ የሚያየው ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ነበር። ቀረጻው ሲያበቃ ወደ ኮሪን ሄደና፣ የአባቱን ስም ሲያዋርዱ ቆሞ እንደማያይ፣ ድርጅቱ ሳይፈርም ፊልሙ እንደማይወጣ፣ እንደማይፈርምም በረጋ ድምፅ ነገራት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እውነት ነው?» አላት።

«እውነት ነው» አለችው።

የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቱን አላናገራትም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከሩቅ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላታል፣ ከዚያ ሌላ ጥግ ይቀመጣል። ቨርዴል ለሰው ስታወራ ግድ የላትም፤ ገና አሁን ነው እፎይ ያልኩት ትላለች። ቤቷ ስትገባ ግን ምግብ አልወርድ አላት። ሟቹንም ልጄንም በአንድ ምሳ አጣኋቸው ብላ፣ የበሰለ ዶሮ ባየች ቁጥር ይቆጫት ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳዋ ላይ ባቄላ ስትፈለፍል ኤቨረት መጣ። ኮት አላደረገም፤ ያለ ኮት ካየችው ዓመታት ሆኗታል። አጠገቧ ተቀመጠ። ከሳህኑ ባቄላ አንስቶ እሱም መፈልፈል ጀመረ። ሳህኑ ሲጋመስ፣ አባቱ ከዚያ በኋላ ውሻ መፍራቱን ትቶ እንደሆነ ጠየቃት። አልተወም አለችው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ፤ በየከተማው እየዞረ ሰልፍ መራ፤ አብዛኛው ቦታ ላይ ውሻ ነበር። ሁልጊዜ ከመውጣቱ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄዶ ያስመልሰዋል። እሷ ውሃና የአፍ መጥረጊያ ይዛ ትቆማለች። አፉን ይጠርግና ይወጣል።

ኤቨረት ባቄላውን አስቀመጠ።

«እኔም እኮ እፈራለሁ» አለ። «ውሻ። ከልጅነቴ ጀምሮ። የሊሊያን ውሻ ስለጠላሁ ነው ሁለተኛ ትዳሬን ያፈረስኩት የምትዪው፤ ጠልቼው አይደለም። ፈርቼው ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ኮሪደሩ ላይ ተኝቶ ሳየው እስኪነጋ ሽንቴን እይዝ ነበር። የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ ውሻ እፈራለሁ ብዬ ለማን እላለሁ?»

ቨርዴል ልጇን አየችው። ሃምሳ አምስት ዓመት አብራው ኖራ ይህን አለማወቋ አስደነገጣት፤ ጆሮዋ ሳይሆን ሌላ ነገሯ የደከመ መሰላት። ሊሊያን ጥሩ ሴት ነበረች ልትለው ፈልጋ ተወችው።

«ጆሮውን አልወረስክም ብዬ ሁልጊዜ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር» አለችው። «የቀረውን ሳላይ።»

ኤቨረት ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው እንደ ሉሺየስ ይነቀነቃል። እራት በልቶ ሄደ። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ፈረመ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ የተተረተረው ሱሪ ከኋላ እንዳይታይ። ኮሪን ቃል ገባችለት። ቃሏን ግማሹን ጠበቀች።

የሃርሞን ሲኒማ ቤት ከተዘጋ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ ፊልሙ ለከተማው ሰው የታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው፤ መስኮቱን ሁሉ በብርድ ልብስ ሸፍነው። ቨርዴል ከፊት ረድፍ ተቀመጠች። በግራዋ ኤቨረት፣ በቀኟ ሞዜል። የመኪናው ትዕይንት እየቀረበ ሲመጣ ማራገቢያዋን ጨበጠች። ሉሺየስን ያከበሩት ሰዎች፣ የሱን ፎቶ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉ ሰዎች ናቸው ከኋላዋ የተቀመጡት። አሁን ይጠሉታል፣ ወይ ይጠሉኛል ብላ አሰበች።

ውሾቹ ብቅ አሉ። ኦሊቨር ዞረና ሮጠ። ጫማው ሲወልቅ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ተዋናዩ መኪናው ላይ ቧጥጦ ሲወጣ፣ ሱሪው ለአንድ አፍታ ብልጭ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድነት ፈነዱ። የሜብሪ ልጅ ጉልበቱን ይመታል። ወንድም ሃስኬል፣ ዘጠና ዓመቱ ነው፣ በተነከሰው ክንዱ እንባውን እየጠረገ «ራሱ ነው፤ ቁርጥ ራሱ» ይላል። ከዚያ ስሞቹ ሲጠሩ ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ስማቸው የተጠራና በሕይወት ያሉ አምስት ሰዎች ከየወንበራቸው «አለሁ» አሉ። የሌሎቹን ልጆቻቸው አሉላቸው።

ቨርዴል ወደ ሞዜል ዞረች።

«ታውቂ ነበር?»

ሞዜል ዓይኗን ከፊልሙ አላነሳችም። «አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ የጠራው እኮ እኔን ነው። ከእሱ እስከ እኔ ከዚህ እስከዚያ አምድ አይሆንም። 'ድረሺልኝ' እና 'ሂጂ ተመዝገቢ' የሚለውን መለየት ያቅተኛል?»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ከምኑ ልድረስለት? እሱ ላይ ነው ያለው፤ ውሾቹ ያሉት እኔ ጋ ነው።» ሞዜል ማራገቢያዋን አወዛወዘች። «እንዲያ ፈርቶ እንኳ አልወረደም። የሚፈራ ሰው ካልወረደ እኔ ምን ሆኜ እመለሳለሁ አልኩ። ክሊዮፈስም እንደዚያው ነው ያለኝ።»

«ክሊዮፈስም ያውቅ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንቺ ያላወቅሽ መስሎን፣ እንዳታዝኚ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ቨርዴል ሃምሳ ስድስት ዓመት የነከሰችውን ምላስ አስባ ደሟ ፈላ። የቀረውን ፊልም አላየችውም ማለት ይቻላል። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፣ ኤቨረት ኦሊቨርን አቅፎ አለቀሰ፣ ኮሪን ደግሞ ይቅርታ ይሁን ምስጋና ያልለየለት ነገር በጆሮዋ ሹክ አለቻት፤ አንዱም አልተሰማትም።

ከዚያ ሁሉም ወደ ጓሮ ወጣ። ሴቶቹ ረጃጅሙን ጠረጴዛ ዘርግተው የተጠበሰ አሳና የድንች ሰላጣ ደርድረዋል። ሞዜል ሁለት ሳህን ሞልታ መጣችና አንዱን ቨርዴል ፊት አስቀመጠች። ቨርዴል ላለመንካት ወሰነች። አሳው ትኩስ ነበር። ትንሽ ቆይታ ቆረሰች።

«ሞዜል» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ አላውቅም ብላችሁ ዝም ያላችሁት ሌላ ምን አለ?»

ሞዜል የአሳውን እሾህ ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ወንበሯንም ጠጋ አደረገች።

«እንዲህ በይኝ እንጂ» አለች። «ከየቱ ልጀምርልሽ?»